ደረጃውም ይታይ፣ ኮከቡም ይታይ፦ የቤታችንን የውጭ መብራት ስንመርጥ

በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ አንድ መብራት ነው። መብራቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ያወረድኩትም እኔው ነኝ። በመካከሉ ግን ቤተሰባችን ብዙ ነገር ተማረ።

የምንኖረው ፓይን ሌክ ነው። ፓይን ሌክ ከአትላንታ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ በአማርኛ «የጥድ ሐይቅ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ የአትላንታ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡባት ቦታ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ከተማ ሆና ተቋቋመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ነዋሪዋ 750 ሰው ገደማ ነው። ክላርክስተን ቅርባችን ስለሆነ እንጀራና በርበሬ ለመግዛት ሩቅ መንዳት አያስፈልገንም። መንገዶቿ ጠባብ፣ ቤቶቿ የተጠጋጉ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ቤት መብራት የሌላውም ቤት መብራት ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ትልቁን ፓውዛ የገዛሁበት ቀን

ባለፈው ዓመት በጸደይ ወራት፣ አንድ ሌሊት ሰው መጥቶ የመኪናችንን መስተዋት ሰበረ። የተሰረቀ ትልቅ ነገር አልነበረም። ግን ፈራን። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ ቤት የምትደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። (በአሜሪካ አቆጣጠር 1 ሰዓት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሌሊት መቁጠር የሚጀምረው ጀንበር ስትጠልቅ መሆኑን አትርሱ!) በጨለማ ብቻዋን ከመኪና ወርዳ ስትገባ ማሰብ እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ካሉት ፓውዛዎች ትልቁን መረጥኩ። ሁለት ራስ ያለው፣ 50 ዋት የሚበላ፣ 6,000 ሉመን የሚያበራ ነበር። ብርሃኑ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ከጋራዡ በር በላይ ሰቀልኩት። ሲመሽ በራሱ ይበራል፤ ሲነጋ በራሱ ይጠፋል። ግቢያችን ስታዲየም መሰለ። እኔም ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ናቸው። በፓይን ሌክ ብዙ ዓመት የኖሩ አረጋዊት ናቸው። ከጓሯቸው የለቀሙትን ቲማቲም ይዘው በሩን አንኳኩ። «ስለ መኪናችሁ አዝናለሁ» አሉኝ። «ግን መኝታ ቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ቀን ሆኖብኛል። መጋረጃም አላስጣለኝም።» ይቅርታ ጠየቅኋቸው። በልቤ ግን «የእኛ ደኅንነት ይበልጣል» አልኩ፤ መብራቱንም አልነካሁትም።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት። ዕድሜዋ አሥር ነው። በጁን መጀመሪያ ማታ ማታ ሆዳቸው ብልጭ የሚሉትን ጥንዚዛዎች ማየት ትወዳለች። ባለፈው ዓመት ግን «አባዬ፣ በጎረቤት ጓሮ አሉ፤ እኛ ጋ ግን አንድም የለም» አለችኝ።

ሦስተኛዋ እናቴ ናት። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። አንድ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የበረንዳው ደረጃ ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ አበጠ። ሐኪም ቤት ወስደናት «አልተሰበረም» ሲሉን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ግን በጣም ገረመኝ። ያን ያህል ብርሃን እያለ እንዴት ደረጃውን ሳታይ ቀረች?

«መብራቱ ዓይኔን አጥበረበረው» አለችኝ። «ከደረጃው በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ሆነብኝ። የምን መብራት ነው ዓይን የሚያሳውር!»

የኩራዝ ትምህርት

ያን ዕለት ማታ እናቴ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ሻይ እየጠጣች የልጅነቷን አወራችን። ያደገችው ገጠር ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ነው። ማታ ወደ ውጭ ሲወጣ ኩራዝ ይያዛል። ኩራዝ በላምባ የሚበራ ትንሽ መብራት ነው።

«ኩራዙን ከዓይናችን ዝቅ አድርገን ነበር የምንይዘው» አለች። «በአንድ እጅ ኩራዙን ይዘን፣ በሌላው እጅ በዓይናችን በኩል እንከልለዋለን። ብርሃኑ ወደ መሬት ይወርዳል። እንቅፋቱ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም ይታያል። ብርሃን ለእግር ነው እንጂ ለዓይን አይደለም።»

ልጄም «እማማ፣ ታዲያ የአባዬን መብራት ለምን አንከልለውም?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ዘመናዊዎቹ ባለሙያዎች ብዙ ወረቀት ጽፈው የሚሉት ነገር እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለችው ብዙም የራቀ አይደለም።

የብርሃን ብክለት ምንድን ነው?

ውሃ ይበከላል፣ አየር ይበከላል። ሌሊትም በብርሃን ይበከላል። የማያስፈልግ፣ የበዛ ወይም አቅጣጫውን የሳተ ሰው ሠራሽ ብርሃን «የብርሃን ብክለት» ይባላል። በዋናነት በሦስት መንገድ ይታያል፤ እኔም ሦስቱንም ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው ማጥበርበር ነው። በጣም ደማቅ ብርሃን በቀጥታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሌላውን ነገር ማየት ያቅተናል። ዕድሜ ሲገፋ በዓይን ውስጥ ያለው ምስሪት ጥራቱን ስለሚያጣ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ አረጋውያን ከወጣቶች ይበልጥ ይጥበረበራሉ። እናቴን የጣላት ይህ ነው።

ሁለተኛው ድንበር የሚሻገር ብርሃን ነው። ለእኛ ግቢ የታሰበው ብርሃን የጎረቤትን መኝታ ቤት ሲያበራ ማለት ነው።

ሦስተኛው በከተማ ላይ የሚታየው የውሸት ወጋገን ነው። ወጋገን ማለት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በሰማይ ጠርዝ የሚታየው ብርሃን ነው። ማታ ከፓይን ሌክ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አትላንታ ብትመለከቱ፣ ገና ሊነጋ የደረሰ ይመስላል። ወደ ላይ የተለቀቀው የከተማው ብርሃን በአየር ውስጥ ካለው አቧራና እርጥበት ጋር እየተጋጨ ወደ እኛ ስለሚመለስ ነው።

ይህ የአትላንታ ችግር ብቻ አይደለም። በ2016 ሳይንቲስቶች ያወጡት የዓለም ካርታ እንደሚያሳየው ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከ100 ሰዎች 80 ገደማ አያዩትም። ፍኖተ ሐሊብ የግእዝ ቃል ነው። «ፍኖት» መንገድ፣ «ሐሊብ» ወተት ነው፤ በሰማይ ላይ ወተት የፈሰሰበት መንገድ የሚመስለው የኮከቦች ክምችት ነው። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት የሌሊቱ ሰማይ በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ እየደመቀ መሆኑን አሳይቷል። አጥኚዎቹ እንዲህ ብለው አስረዱ፦ አንድ ልጅ ሲወለድ 250 ኮከቦች ከሚታዩበት ቦታ ቢኖር፣ 18 ዓመት ሲሞላው እዚያው ቆሞ የሚያየው 100 ያህሉን ብቻ ነው።

በአገራችንም የታወቀ ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የሕዋ ምርምር ማዕከል ተሠርቷል። እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ነገር ግን ከሥር አዲስ አበባ ታበራለች። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ደብዛዛ ኮከቦችን ማየት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደፊት ለሚሠራ ሌላ ማዕከል የላሊበላ አካባቢን ተራሮች ሲያጠኑ ቆይተዋል። አስቡት፤ ኮከብ ለማየት ከራሳችን መብራት መሸሽ አስፈለገ።

የእሳት እራት

በአማርኛ ማታ ወደ መብራት የሚበሩትን ነፍሳት «የእሳት እራት» እንላቸዋለን። እሳት ለእራቱ የሚበላቸው ማለት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። አምፖል ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ ያድራሉ፤ አይበሉም፣ አይራቡም፣ ይደክማሉ፣ ይሞታሉ።

ልጄ የምትወዳቸው ጥንዚዛዎች ደግሞ የሚነጋገሩት በብርሃን ነው። ወንዱ እየበረረ ብልጭ ይላል፤ ሴቷ ሣር ላይ ሆና ብልጭ ብላ ትመልሳለች። በእኔ ፓውዛ ሥር ግን መልእክታቸው አይታይም። በሠርግ ቤት ሙዚቃ መሀል በሹክሹክታ ለመነጋገር እንደመሞከር ነው።

ወፎችም አሉ። ከአገር ወደ አገር የሚሄዱ ብዙ ትንንሽ ወፎች የሚበሩት ሌሊት ነው። የከተማ መብራት መንገዳቸውን ያስታቸዋል፤ ከሕንጻ መስተዋት ጋር ተጋጭተው የሚሞቱት ብዙ ናቸው። በጆርጂያ «በርድስ ጆርጂያ» የሚባለው ድርጅት «ላይትስ አውት ጆርጂያ» በሚለው ፕሮግራሙ፣ ወፎች በሚጓዙባቸው የጸደይና የበልግ ወራት ሰዎች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የማያስፈልጉ መብራቶችን እንዲያጠፉ ይጠይቃል።

እኛም ከዚህ አንወጣም። ሰውነታችን ሲመሽ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ብርሃን ይህን ይቀንሳል። የጎረቤቴ እንቅልፍ ማጣት የአመል ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

ከመግዛታችን በፊት አምስት ጥያቄዎች

ዳርክስካይ ኢንተርናሽናል በ1988 በአሪዞና የተቋቋመ፣ የሌሊትን ጨለማ ለመጠበቅ የሚሠራ ድርጅት ነው። ከመብራት መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ሆኖ አምስት መመሪያዎችን አውጥቷል። እኛ ወደ ጥያቄ ቀይረን በወረቀት ጻፍናቸው፤ ልጄም ወረቀቱን ይዛ ሱቅ ሄድን።

1. መብራቱ ለምን ያስፈልጋል? በግቢያችን ያሉትን መብራቶች አንድ በአንድ ቆጠርን። ለደረጃው፣ ለመግቢያው በርና ለመኪናው ማቆሚያ ያስፈልጋል። ዛፉን ከሥር ወደ ላይ የሚያበራው ግን ለምን? መልስ አጣን፤ ነቀልነው።

2. ብርሃኑ የት ይወድቃል? ኮፍያ ያለው መብራት ፈልጉ። አምፖሉ ከጎን የማይታይ፣ ብርሃኑም ወደ ታች ብቻ የሚወርድ መሆን አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከግቢያችሁ ውጭ መንገድ ላይ ቁሙ። አምፖሉ ራሱ ከታያችሁ መብራቱ አልተከለለም። በጎኑ መስተዋት ያለው፣ ፋኖስ የሚመስለው የበረንዳ መብራት ያምራል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ይወድቃል።

3. ምን ያህል ብርሃን ይበቃል? የብርሃን መጠን የሚለካው በሉመን ነው፤ ዋት የሚነግረን የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል፣ ባለ 40 ዋቱ ደግሞ 450 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር። ለእኛ በረንዳ 450 ሉመን በቅቶናል። ለደረጃው ከዚያም ያነሰ ተጠቀምን። የእኔ ፓውዛ 6,000 ነበር!

4. ስንት ሰዓት ይበራል? ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራ ባለ ሴንሰር መብራት አለ። ሰዓት ጠብቆ የሚጠፋም አለ። ሴንሰሩን ወደ መንገድ አታዙሩት፤ አለዚያ መኪና ባለፈ ቁጥር ይበራል።

5. ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይገለጻል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ እንደ ሻማ ቢጫ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። የሻማ ብርሃን ወደ 1,900፣ የድሮው አምፖል 2,700 ገደማ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ2016 ለመንገድ መብራት ከ3,000 ኬልቪን እንዳይበልጥ መክሯል። ለቤትም 2,700 ወይም ከዚያ በታች ብትመርጡ ጥሩ ነው። ቁጥሩ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ ልጆቻችሁ እንዲያነብቡላችሁ አድርጉ።

ሌባስ?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት። ትክክል ናት፤ በጨለማ የምትገባው እሷ ናትና።

ጥናቶቹ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ 62 አካባቢዎችን ተመልክቶ፣ የመንገድ መብራት መቀነስ ወይም ማጥፋት ወንጀልን እንደጨመረ ማስረጃ አላገኘም። በኒው ዮርክ ደግሞ መብራት በጎደለባቸው የመንግሥት መኖሪያ ግቢዎች ብርቱ መብራት ሲተከል የሌሊት ወንጀል ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ «መብራት ጥቅም የለውም» አልልም። የተማርኩት ግን የብርሃን መብዛትና ጥሩ ማየት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

በቤታችን ሞከርነው። ፓውዛው በርቶ እያለ እኔ ከመኪናው ኋላ ቆምኩ። ባለቤቴ ከመንገድ ወደ ቤት መጣች። አላየችኝም! መብራቱ ዓይኗ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በመኪናው ጥቁር ጥላ ውስጥ ነበርኩ። ቆም ብላ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ ብርሃኑን ስትከልል ወዲያው አየችኝ። የኩራዙ ትምህርት እንደገና! ያ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ደኅንነት ይሰጠናል ብዬ የሰቀልኩት መብራት የሚደበቅ ሰው መደበቂያ ይሠራ ነበር።

ያደረግነው

ፓውዛውን አወረድኩት። በቦታው ኮፍያ ያለው፣ 800 ሉመን የሚሰጥ፣ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራ መብራት ሰቀልን። በየደረጃው ጠርዝ ሥር ትንንሽ ቢጫ መብራቶች ገጠምን። በረንዳው ላይ ያለው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በራሱ ይጠፋል። መኪናውንም በየማታው መቆለፍና ውስጡ ዕቃ አለመተው ልማድ አደረግን፤ ይህ ከመብራት ሁሉ ርካሽ ነው።

የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ልጄ ሠራችው። ባለ 50 ዋቱ ፓውዛ በአማካይ በቀን 12 ሰዓት ሲበራ 600 ዋት-ሰዓት ይበላል። በዓመት 219 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። አዲሱ 10 ዋት ብቻ ነው፤ በሌሊት ግማሽ ሰዓት ቢበራ እንኳ በዓመት 2 ኪሎዋት-ሰዓት አይሞላም።

ባለቤቴ አሁን ስትገባ መብራቱ ቦግ ይላል። «ሰው መጥቷል ብሎ የሚነግረኝ መብራት ቀን ከሌት ከሚበራው ይሻለኛል» ትላለች። እናቴ ደረጃውን እያየች ትወርዳለች። እኔም ለጎረቤታችን ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጄ ዘግይቶ የመጣውን ትክክለኛ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በሳምንቱ የራሳቸውን የበረንዳ መብራት እንድከልልላቸው ጠሩኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ዓመት በጁን ልጄ በጓሯችን ሰባት ጥንዚዛዎች ቆጠረች። ፍኖተ ሐሊብ ግን አልታየንም፤ አትላንታ ቅርብ ናት፣ የአንድ ቤት መብራት ያን አይመልሰውም። እሱን ለማየት ወደ ደቡብ ጆርጂያ፣ በኦኬፈኖኪ ረግረግ ወዳለው ስቲቨን ሲ. ፎስተር ስቴት ፓርክ ለመሄድ አስበናል። ፓርኩ በ2016 በጨለማ ሰማዩ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝቷል። እናቴ «ያደግኩበትን ሰማይ ለማየት መኪና ተከራይተን ልንሄድ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያም «መቼ ነው የምንሄደው?» አለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ወደ ውጭ ውጡ። መንገድ ተሻግራችሁ ቤታችሁን ተመልከቱ። ዓይናችሁን የሚወጋ መብራት ካለ ከእሱ ጀምሩ።

የሳምንቱ ቃላት

ኩራዝ፦ በላምባ የሚበራ ትንሽ መብራት።
ፓውዛ፦ ሰፊ ቦታ የሚያበራ ብርቱ መብራት።
አጥበረበረ፦ ደማቅ ብርሃን ዓይንን ለጊዜው እንዳያይ አደረገ።
ከለለ፦ ብርሃንን፣ ነፋስን ወይም ዕይታን ጋረደ።
ወጋገን፦ ሊነጋ ሲል በሰማይ ጠርዝ የሚታይ ብርሃን።

ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ

አያቶቻችሁ ወይም ወላጆቻችሁ በልጅነታቸው ማታ በምን ብርሃን ይጠቀሙ ነበር? በግቢያችሁ «ለምን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የማይገኝለት የትኛው መብራት ነው?